የቀያሹ ኮት ሲፈታ

ሜትሬ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ኮት ቀብራለች። የመጀመሪያው በሁለተኛው እጥበት ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት እንኳ የሚጠብ ሆነ። ሁለተኛው አውቶቡስ ውስጥ ብረት ለመያዝ እጇን ባነሳችበት ቅጽበት ከብብቱ እስከ ወገቡ ተተረተረ፤ ያውም ሰው ሁሉ እያየ። ሦስተኛውን ካውያ ሲነካው ገበሩ ቀለጠና ካውያውንም ይዞት ሞተ። ሦስቱም ሲገዙ አቤት ሲያምሩ! ሦስቱም አሁን አልጋ ሥር በፌስታል ታስረው ተቀምጠዋል። ለመጣል ያሳዝናሉ፣ ለመልበስ አይሆኑም። እናቷ ወለል ስትጠርግ መጥረጊያው በነካቸው ቁጥር «እኛ ቤት እኮ መቃብሩ አልጋ ሥር ነው» ትላለች።

አሁን ደግሞ አራተኛ ተፈለገ። ሜትሬ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥራ ከአራት ሳምንት በኋላ ሰኞ ሥራ ልትጀምር ነው፤ የቅጥር ደብዳቤው ላይ «ያለ ኮት ችሎት መግባት አይፈቀድም» የሚል መስመር አለበት። ኮትማ ሞልቷል። የመንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ በየሱቁ በራፍ ተሰቅሎ ይወዛወዛል። እሷ ግን በዚያ ስታልፍ የሚታያት ኮቱ ሳይሆን የሚቀጥለው ፌስታል ነው።

ሜትሬ ቅጽል ስሟ ነው። አባቷ ቀያሽ ነበር፤ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው። በልጅነቷ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ስለምትቆምለት «ሜትሬስ?» እያለ ሲጣራ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ኮቱ ግን ከእናቷ መኝታ ክፍል በር ጀርባ፣ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ አለ። ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ላይ የቆመ ኮት ነውና ወይቦ አመድ መስሏል፤ ትከሻው ላይማ ጭራሽ ነጥቷል። ስፌቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እናቷ በየሳምንቱ በብሩሽ ታሻሸዋለች፣ መስኮት ላይ ታናፍሰዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። «ሰማያዊ ነበር እኮ!» ትላለች ሁልጊዜ። ቤት ያለው ፎቶ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የሚያምናት አልተገኘም።

ሜትሬ አንድ ቀን ደፈር ብላ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ የአባዬን ኮት በልኬ ባስጠብበውስ?»

«አይነካም።»

«በር ጀርባ ተሰቅሎ ከሚቀር...»

«አይነካም አልኩሽ! ከሰውየው የቀረኝ ያ ብቻ ነው። ትከሻው እዚያ አለ፣ የክርኑ እጥፋት እዚያ አለ። ስታስጠብቢው ያ ሁሉ የት ይሄዳል?»

እናቷ እውነቷን ነበር። የቅየሳ መሣሪያውን ሲሸከምበት የኖረው ግራ ትከሻ እስከ አሁን ከቀኙ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው።

በሳምንቱ የእናቷ እህት ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። እናትየው ጨርቄን ማቄን ሳትል ልታስታምማት ሄደች፤ የምትመለሰውም ከወር በኋላ ነው ተባለ። ሜትሬ ባዶው ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ያን ኮት ስታየው ከረመች። በሦስተኛው ቀን ከምስማሩ አወረደችው። ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል? እናቷ በደወለች ቁጥር ግን ዝም አይነቅዝም ብላ የአክስቷን እግር ብቻ እየጠየቀች ስልኩን ዘጋች።

የወሰደችው ጋሽ ግልባጭ ዘንድ ነው። ጋሽ ግልባጭ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ጣሪያዋ እንደ ደረጃው እየተዳፋ በሚወርድ ጠባብ ክፍል የሚሠሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። ረጅም ሰው ሲለኩ ሰውየው ያጎነብሳል፣ እሳቸው ቀጥ ይላሉ። ስሙን ያገኙት ከሥራቸው ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ሲነትብ ይገለብጡታል። ሱሪ ጉልበቱ ሲሳሳ ከላይኛው ቁምጣ፣ ከታችኛው የገበያ ቦርሳ ያወጣሉ። የተሰበረ ጃንጥላ ካገኙ ጨርቁን ሽርጥ ያደርጉታል። ዋናው ሙያቸው ግን ኮት ነው፦ የደበዘዘውን ኮት እስከ መጨረሻው ክር ፈትተው፣ ውስጡን ውጭ አድርገው እንደገና ይሰፉታል። ድሮ ለዚህ ሥራ ሰው ወረፋ ይይዝላቸው ነበር። አሁን ከላያቸው ሰው ሲወጣ ሲወርድ ኮቴውን እያዳመጡ ዚፕ ሲቀይሩ ይውላሉ።

ሜትሬ ለምን እንደፈለገችው ስታስረዳ ደብዳቤውን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካክለው እስከ ታች አነበቡት። ከፊርማው ሥር «ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል አስተዳደር» ይላል።

«ይኸው!» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ። «ስሜን ጽፈው ነው የላኩሽ። ታዲያ እምቢ ማለት እችላለሁ?»

ኮቱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አወጡት። ጨርቁን በሁለት ጣት አሹት፣ አሸተቱት፣ የገበሩን ጠርዝ ገለጥ አድርገው ተመለከቱ።

«ጨርቅ ሁለት ፊት አለው ልጄ። የዛሬ ሰው አንዱን ፊት ለብሶ ሁለቱንም ይጥላል። ይሄ ገና ግማሹ አልተነካም። ለመሆኑ እናትሽ ምን አሉ?»

«ምንም አላለችም» አለች ሜትሬ። ውሸት አይደለም፤ ምን ብላ ትመልስ፣ አልተነገራትማ።

ጋሽ ግልባጭ አንድ ሕግ አላቸው፦ የሚገለበጥን ልብስ የሚፈታው ባለቤቱ ነው። አንድ ምላጭ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧትና ከጎናቸው አስቀመጧት። «ራሱ የፈታውን ልብስ ማንም በቀላሉ አይጥልም። ደግሞ ስሚ፤ ሚስቱን የሚፈታ ሰው በንዴት ይፈታል፤ ኮት ግን በንዴት ከፈታሽው ይቀደዳል። አንድ ክር፣ ቀጥሎ አንድ ክር።»

ሜትሬ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ለሥልጠና ከምትሄድበት ቢሮ እየወጣች ለአሥር ቀን ከሰዓት በኋላ ፈታች። መጀመሪያ ቀን ቸኩላ የእጅጌውን ጫፍ ቧጠጠችው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ተብላ ምላጩን ተነጠቀችና ያን ቀን ክር ስትለቅም ዋለች። የሚወጣው ክር አይጣልም፤ በካርቶን ላይ ይጠቀለላል። የተፈታው ቁራጭ በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበታል። ከኮሌታው ሥር፣ ከኪሱ ክዳን ሥር፣ ብሩሽ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ አንድ መሬት ለኪ ምን ያህል መንገድ እንደሄደ የሚናገር ይመስል ደቃቅ ቀይ አፈር ይወርዳል። ሜትሬ አፈሩን በመዳፏ ይዛ የት እንደምታደርገው ጨነቃት፤ በመጨረሻ በሩ ላይ አራገፈችው። ይሄ አባዬም ቢሆን የሚያደርገው ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ገበሩ ተገንጥሎ የወጣ ቀን የጀርባውን ጨርቅ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ደነገጠች። ሰማያዊ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፤ ዝናብ ካባራ በኋላ አመሻሽ ላይ እንደሚታየው ሰማይ ጥርት ያለ። ስድስት ዓመት እናቷን «ኧረ እማዬ፣ ግራጫ ነው» እያለች ስትስቅባት ኖራለች።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሐሙስ ዕለት የመጨረሻው ስፌት ሲፈታ ሃያ ምናምን ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ። ዝቅ ያለው ትከሻ የለም። የክርኑ እጥፋት በካውያ ጠፍቷል። ሜትሬ ቁጥር የተጻፈባቸውን ቁራጮች አንድ በአንድ አየቻቸውና አባቷ ሁለተኛ የሞተ መሰላት፤ አሁን ደግሞ በእሷ እጅ።

«መልሰው እንደነበረ ሊሰፉት ይችላሉ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«በየትኛው ፊቱ?» አሉ ጋሽ ግልባጭ። ከዚያ ፊቷን አይተው ቀልዱን ተዉት። ውኃ በብርጭቆ ቀድተው ሰጧት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አርብ ዕለት የአክስቷ ልጅ ከሄደችበት ተመልሳ ማስታመሙን ስለተረከበች እናቷ ከታሰበው ቀድማ ቤት ገባች። በር ጀርባ ያለውን ባዶ ምስማር ለማየት የፈጀባት ሻንጣዋን እስክታስቀምጥ ነው። ጎረቤት ደግሞ ልጅቷ አመሻሽ ላይ ከጋሽ ግልባጭ ቤት የማትጠፋ መሆኗን ለመናገር ሁለተኛ ጥያቄ አላስፈለጋትም።

ደረጃው ሥር ብርሃኑ ድርግም አለ። ሜትሬ ቀና ስትል እናቷ በሩን ሞልታ ቆማለች፤ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ኖሬ ያልፈታሁትን ሰውዬ» አለች እናቷ፣ «አንቺ በአንድ ምላጭ ፈታሽው?»

ጋሽ ግልባጭ ከስፌት መኪናቸው ላይ ተነሡ። «እትዬ፣ እርስዎ አላወቁም ነበር እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ ዝም በል! ከልጄ ጋር ነው የማወራው።»

ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ ሰው «አንተ» ተባሉና እንደ ተማሪ ቁጭ አሉ። ሜትሬ ቆመች። ያዘጋጀችው ምክንያት ሁሉ፣ ፌስታሎቹም፣ ደብዳቤውም፣ የጨርቁ ሁለተኛ ፊትም ከአፏ ጠፋ።

«እማዬ፣ አጥፍቻለሁ። እንደማትፈቅጂ አውቄ ነው ተደብቄ የወሰድኩት። ምን እንደምልሽ አላውቅም።»

እናቷ ነጠቅ ነጠቅ እያደረገች ቁራጮቹን ወደ ቦርሳዋ ትሰበስብ ጀመር። አንዱን እጅጌ ከተተች፣ ኮሌታውን ከተተች፣ የጀርባውን ጨርቅ ስታነሣ ግን ተገለበጠና ሰማያዊው ወደ ላይ ወጣ። እጇ ቆመ። ከላያቸው አንድ ሰው ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ።

«ሰማያዊ ነበር አላልኩም?» አለች በመጨረሻ፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። «እኛ ግቢ ሊለካ የመጣ ቀን ነው። ያን ባለ ሦስት እግር ነገር አቁሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያየኝ ፎቶ የሚያነሣኝ መሰለኝ። ፀጉሬን አስተካክዬ፣ ፈገግ ብዬ፣ ምን ያህል ቆምኩ! እሱ ለካ ከኋላዬ ያለውን አጥር ነው የሚለካው። ‹እመቤት፣ ትንሽ ገለል ቢሉልኝ› አለኝ። በዚህ ኮት ነው። በዚህ ቀለም።»

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው፤ ቁጣዋን ገና አልጨረሰችም።

ጋሽ ግልባጭ ነገሩ በረድ ያለ ሲመስላቸው አንዱን እጅጌ በጥንቃቄ ከቦርሳዋ አወጡ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄን ክርን የሰፋው ማን ነው?»

«ምን ሆነ?» አለች እንደ ተከሰሰ ሰው።

«አርባ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ከውጭ በኩል ቀዳዳ እንደነበረው እንኳ አላወቅሁም፤ ከፈታነው በኋላ ነው ያየሁት። ክሩንስ ከየት አገኙት? ከራሱ ከጨርቁ ይመስላል።»

«ከታችኛው እጥፋት መዝዤ ነዋ። የሱቅ ክር ይታያል። እሱ እንዳያውቅ ተኝቶ ሳለ ነው የሰፋሁት፤ ካወቀ እኮ አዲስ ካልገዛሁ ብሎ ነው የሚያስቸግረኝ።»

«አሁን ግን ተገልብጦ የውስጡ ስፌት ውጭ ሊወጣብን ነው። እኔ ቆዳ ልለጥፍበት አስቤ ነበር።»

«ቆዳ? ፍርድ ቤት በእራፊ?» እናቷ መርፌ ከጨርቁ ትራስ ላይ መዘዘች። «አምጣው... ያምጡት እስቲ።» ከዚያ ወደ ልጇ ሳትዞር ጨመረች፦ «ለማንም ብዬ እንዳይመስል። ጨርቁ አሳዝኖኝ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሦስቱ ደረጃ ሥር ዋሉ። እናቷ ከታችኛው እጥፋት ክር እየመዘዘች ክርኑን እንደገና ክር በክር ሸመነችው። ጋሽ ግልባጭ ትከሻውን በሜትሬ ልክ ለማጥበብ ጠመኔ ባሰመሩ ቁጥር «ኧረ በዛ! ሰውየው እኮ ትከሻ ነበረው» እያለች አስጨነቀቻቸው፤ እሳቸውም «ልጅቷ ግን የላትም» እያሉ ተከራከሩ። ከሜትሬ ጋር ግን አታወራም። መቀስ ስትፈልግ «ያቺን ልጅ መቀሱን ታቀብለኝ ይበሏት» ትላለች፤ ልጅቷ ከጎኗ ተቀምጣ። ጋሽ ግልባጭ «መቀስ አቀብይ ተብለሻል» ይላሉ። «ይኸው በሉልኝ» ትላለች ሜትሬ። ሲያዩአቸው የሚያስቁ ነበሩ፤ ሜትሬ ግን አልሳቀችም። ኮቱ አምሮ እናቷ ዕድሜ ልክ በአስተርጓሚ የምታናግራት ከሆነ ኮቱ ምን ያደርግላታል?

እሑድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ጋሽ ግልባጭ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተኩሰው፣ እንፋሎቱ እስኪወጣለት ጠብቀው፣ በሁለት እጃቸው ከፍተው ያዙላት። ሜትሬ እጇን አስገባች። ትከሻው ተቀመጠ፣ እጅጌው አንጓዋ ላይ ደረሰ። አዲስ ኮት አይመስልም፤ ከአዲስ የተሻለ ነው፤ ከብዶ፣ ረግቶ፣ ገላን የሚያውቅ።

እናቷ ተነሥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ሠላሳ ዓመት ጧት ጧት ባሏን በር ላይ አስቁማ ኮቱን ቆልፋለት ነበር የምትሸኘው፤ እጇ ማንም ሳያዝዘው ወደ ለመደው ወገን ሄደ። ቁልፍ በነበረበት ቀዳዳ፣ ቀዳዳ በነበረበት ቁልፍ አገኘች። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው።

«ተሳስታችኋል!» አለች። «ቁልፉ በተቃራኒው ነው!»

ጋሽ ግልባጭ ግንባራቸውን መቱ። «አልተሳሳትንም እትዬ። ኮት ሲገለበጥ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። የደረት ኪሱም ዞሯል፤ አዩት? ወንዶቹ በዚህ ነበር የሚታወቅባቸው፤ ግልባጭ ለባሽ እየተባሉ ይሳቅባቸዋል። ለዚህ ብዬ እኮ ነው አርባ ዓመት አሮጌውን ቀዳዳ ስደፍን፣ በወዲያኛው ወገን አዲስ ስቀድ የኖርኩት። ረስቼው ነው፤ አሁኑኑ እደፍነዋለሁ።» መርፌያቸውን አንሥተው ክር ማስገባት ጀመሩ።

እናቷ አልሰማቻቸውም። አንገቷን ደፍታ የራሷን ሹራብ ታያለች። ከላይ ያለውን ቁልፍ ፈታችው፤ መልሳ ቆለፈችው። ቀኙ በግራው ላይ። ከዚያ የልጇን ኮት ያዘች። ቀኙ በግራው ላይ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «የኔም እኮ እንዲህ ነው የሚቆለፈው።»

የጋሽ ግልባጭ ክር መርፌው ቀዳዳ ላይ ቆመ። ሹራቡን አዩ፣ ኮቱን አዩ፣ እንደገና ሹራቡን አዩ። አርባ ዓመት የወንድ ኮት ለወንድ ሲገለብጡ ኖረው ለሴት ገልብጠው አያውቁም። «የሴት ሆነ!» አሉ። «በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው የሴት ሆነ!» ሳቃቸው መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ ጣለው።

እናቷ አልሳቀችም። ከታች ጀምራ፣ በማታውቀው ወገን እጇን እያለማመደች ቀስ ብላ ቆለፈችው። የመጨረሻው ቁልፍ ላይ ስትደርስ ኮሌታውን አቃናችና ከአርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጇን ዓይን አየች።

«ለካ ያንቺ ኖሯል» አለች። «ሠላሳ ዓመት ገልብጦ የለበሰው አባትሽ ነው።»

ሜትሬ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። እንባዋ ሲወርድ እናቷ ፈጠን ብላ በሹራቧ እጅጌ ጉንጯን ጠረገችላት።

«ኧረ ተይ» አለቻት፣ «ኮቱ ላይ አታንጠባጥቢ፤ አሁን ነው የተተኮሰው።»